ቤት የቀየረ ውሻ እንዴት ይለምዳል? ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ሦስተኛው ወር

ጃክ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት በገባ በአምስተኛው ቀን ጎረቤታችን በአጥር አሻግረው አዩትና «ይሄ ውሻ ዱዳ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ በር ይንኳኳል፣ ድመት ቆርቆሮው ላይ ትሮጣለች፤ ጃክ ድምፁ የለም። አዲስ አበባ ያሳደጉት ሰዎች ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ሲሉ ነው የሰጡን፤ ሲሰጡንም «ወፍ ሲያልፍ የሚጮህ ጠባቂ ነው» ብለው ነበር።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንተርተው ለሰው ነው። ለራሱ ለውሻው ስንወስደው ግን ብዙ ነገር ያስተምራል። መጀመሪያ ይብላ፣ ይተኛ፣ የቤቱን ሰው በጠረኑ ይለይ። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ይህን የምጽፈው ያደገ ውሻ ከሌላ ቤት ለምትቀበሉ ነው። ቡችላ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ሦስት ሌሊት እናቱን ፈልጎ ያለቅሳል፣ ከዚያ እግራችሁ ሥር ይተኛል። ያደገ ውሻ ግን የሚያውቀው በር ነበረው፣ የሚያውቀው የምግብ ሰዓት፣ የሚያውቀው ሰው። ያ ሁሉ በአንድ ቀን ጠፋበት፤ ለምን እንደጠፋ ደግሞ ማንም ሊነግረው አይችልም። ውሻ የሚያሠለጥኑ ሰዎች «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚሉት ግምት አላቸው፦ ድንጋጤው እስኪበርድለት ሦስት ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እስኪይዝ ሦስት ሳምንት፣ ቤቴ ነው እስኪል ሦስት ወር። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሲደበደብ የኖረ ውሻ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።

ከመምጣቱ በፊት

የድሮ ባለቤቶቹን በደንብ ጠይቁ። በስልክ «ጥሩ ውሻ ነው» መባሉ አይበቃም። ምን ይበላል፣ በስንት ሰዓት? የት ነው የሚተኛው? ታስሮ ነው ያደገው ወይስ ተፈትቶ? ሕፃን አይቶ ያውቃል? በግና ዶሮስ? ዱላ ሲያይ ምን ያደርጋል? ሰው ነክሶ ያውቃል? ይህችን የመጨረሻዋን ሳታፍሩ ጠይቁ። የክትባት ካርድ ካለው ተቀበሉ። «ተከትቧል፣ ካርዱ ግን ጠፍቷል» ካሏችሁ እንዳልተከተበ ቁጠሩት።

ስሙን አትቀይሩ። ከዚያ ቤት ይዞት ሊመጣ የሚችለው ትንሽ ነገር ነው፤ አንዱ ስሙ ነው፣ ሌላው ጠረኑ። ስለዚህ የሚተኛበትን ጨርቅም ሳይታጠብ፣ እንደቆሸሸ ለምኑና ውሰዱ።

ቀጥሎ ማደሪያው ነው፤ ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሸዋ ሮቢት የምትኖሩ ጥላና ብዙ ውኃ አዘጋጁ፣ የእናንተ ችግር ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ መንዝ ስትወጡ ደግሞ ከ3,000 በላይ የሆነ አገር ብዙ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ሲተኛ የኖረ ውሻ በአንድ ቀን እዚህ ብርድ ላይ ሲወረወር ይታመማል።

ቤቱን ትልቅ አታድርጉት። ቆሞ የሚዞርበት፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት ይበቃል፤ ከሰፋ በራሱ ገላ ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ስንዝር ያህል ከመሬት ከፍ ይበል። በሩ ነፋስ ከማይመጣበት በኩል ይሁን። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ ይግባበት፣ ቆርቆሮ ብቻውን ሌሊት እንደ በረዶ ነው። ውስጡን ጭድ ሙሉት። ብዙ ሰው አሮጌ ብርድ ልብስ ነው የሚያነጥፈው፤ ጨርቅ ግን እርጥበት ይይዝና ውርጭ ሲመታው እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ጭዱን ግን ውሻው ራሱ ጎድጎድ አድርጎ ይገባበታል፤ በጭዱ መሀል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዝለታል። ከድሮ ቤቱ ያመጣችሁትን ጨርቅ ላዩ ላይ ጣል አድርጉለት። ጭዱን በየሁለት ሳምንቱ ቀይሩት፣ ቁንጫ ይወደዋል።

አጥሩንም ዙሩት። ካብ ከሆነ የፈረሰ አለ? በቆርቆሮው ሥር መሬቱ ተቦርቡሯል? የፈራ ውሻ እናንተ የማታምኑት ቀዳዳ ውስጥ ይሾልካል።

በመጨረሻ የቤቱን ሰው ሰብስባችሁ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ማን ያበላዋል፣ ቤት ይገባል ወይስ አይገባም፣ በምን በምን ቃል ነው የምናዘው። እኛ ቤት እማዬ «ከደጃፉ አያልፍም» አለች፤ ተስማማን። ይህ ጭካኔ አይደለም። ውሻውን የሚጎዳው አንዱ ሲያስገባው ሌላው በመጥረጊያ ሲያባርረው ነው። ቃሉም እንደዚያ ነው። አንዱ «ና»፣ ሌላው «ናማ ወዲህ»፣ ሦስተኛው ፉጨት ከሆነ ውሻው የቱን ይያዝ? «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ተው»፣ «በቃ»፤ አራት ቃል ይበቃል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሳቱ በፊት ሦስት አራት ሰዓት ያህል ምግብ አትስጡት፣ መኪና ላይ ያስመልሰዋል። ውኃ ይጠጣ። ሸኖ ወይም ጫጫ ላይ ስትቆሙ ገመዱን እጃችሁ ላይ ሳትጠመጥሙ የመኪናውን በር አትክፈቱ። አንዴ ካመለጠ በማያውቀው አገር ስሙን ብትጠሩትም አይመለስም፤ በዚያ ሰዓት እናንተም ለእሱ ባዕድ ናችሁ።

ስትደርሱ ጎረቤት አትጥሩ። ልጆቹ እንደጓጉ አውቃለሁ፣ ነገም ቀን ነው። በገመድ ይዛችሁ ግቢውን አንድ ጊዜ አዙሩት፣ ይሽና፣ ያሽትት። ውኃውን አሳዩት፣ ማደሪያውን አሳዩት፣ ከዚያ ተዉት።

የመጀመሪያው ሌሊትና ሦስቱ ቀናት

የመጀመሪያውን ሌሊት ያለቅስ ይሆናል። አትቆጡት። ሄዳችሁም ለአንድ ሰዓት አትደባብሱት። ብቅ በሉ፣ በዝግታ ስሙን ጥሩት፣ ትንሽ አጠገቡ ቁጭ በሉና ተመለሱ። ውጪ ግን ተፈትቶ እንዳያድር። አንደኛ ይጠፋል። ሁለተኛ እኛ አገር ጅብ አለ፤ ግቢውን የማያውቅ ውሻ የት ገብቶ እንደሚደበቅ አያውቅም። የሚዘጋ መጋዘን ወይም ማድ ቤት ካላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ይደር።

ባይበላ አትደንግጡ። አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ምግብ የማይነካ ውሻ አለ። ውኃም ካልጠጣ ወይም ሁለተኛው ቀን አልፎ ምንም ካልቀመሰ ግን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ነው።

አትጠቡት። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁላችንም መጀመሪያ የሚታየን ቆሻሻው ነው። በማያውቀው ሰው እጅ፣ በማያውቀው ግቢ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መያዝ ለእሱ መጠቃት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ፣ ፀሐይ ያለበት ቀን ይመረጥ።

አትዩት ማለት ይቀለኛል። ፊት ለፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን ማየት፣ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን መዳበስ በውሻ ቋንቋ ማስፈራራት ነው። በርጩማ አምጡ፣ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ተቀመጡ፣ ሥራችሁን ሥሩ። አልፎ አልፎ ቁራሽ ወርወር አድርጉለት፣ ቀና ብላችሁ ሳታዩት። መምጣት ያለበት እሱ ነው።

ይህን እኔ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እማዬን አይቼ ነው የተማርኩት። እሷ ውሻ መዳበስ ከነጭራሹ አይሆንላትም። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ጃክ ከማደሪያው አንገቱን አወጣ። ሁለት እርምጃ መጣና ተኛ። ቆየት ብሎ ሆዱን መሬት እያስጎተተ ጠጋ አለ፣ ደግሞ ተኛ። እማዬ አንዷን ጠጠር አንስታ ወረወረችና መልቀሟን ቀጠለች። በመጨረሻ አገጩን የኮንጎ ጫማዋ ጫፍ ላይ አሳረፈና በአፍንጫው ረዥም ትንፋሽ ለቀቀ። እግሯን አላንቀሳቀሰችም። ምስሩ አልቆ እንኳ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ባዶ ሰፌድ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በየሰዓቱ እየሄድኩ «ጃክ፣ ጃክዬ» ስለው ነው የከረምኩት፤ ከእኔ ይሸሽ ነበር።

ምልክቶቹን ማንበብ ልመዱ። እንቅልፍ ሳይኖረው ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ «ትንሽ ራቁኝ» ማለቱ ነው። ጭራው ከሆዱ ሥር ከገባ ፈርቷል። ድንገት ደርቆ ከቆመና የዓይኑ ነጭ ከታየ ወደኋላ በሉ። ካጉረመረመም አትምቱት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያው ነው፤ በዱላ ካስተዋችሁት ሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ይሆናል።

ምግብ፣ ጾምና አዙሪት

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የለመደውን ስጡት። ከዚያ የእናንተን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ ቀይሩለት፤ በአንድ ቀን ከቀየራችሁት ተቅማጥ ይይዘዋል። ያደገ ውሻ በቀን ሁለቴ ይብቃው፣ ሰዓቱ ግን አይዛነፍ። እኛ ቤት ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ይህ ለፈራ ውሻ ከሥጋው ይበልጥበታል ብላችሁ እመኑኝ። ነገ የሚሆነውን ማወቅ ሲጀምር ነው ትከሻው የሚላላው።

ምን ይብላ? እንጀራ በአጥንት መረቅ የራሰ፣ የተቀቀለ ሳንባና ጨጓራ፣ ቅንጬ፣ እንቁላል። ወጥ ግን ተዉት። በርበሬው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ስለዚህ ቀይ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ ለይታችሁ ቀቅሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አይሰጠው።

ጾም ሲገባ ብዙ ውሻ ይከሳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ ብዙ ሥጋ ቤትም ይዘጋል፤ ውሻው የሽሮ እንጀራ ብቻ ይወረወርለታል። ዶሮ ካላችሁ መፍትሔው እዚያው ነው፤ በጾም እንቁላሉን የሚበላው የለም። አንድ ሁለት ቀቅላችሁ ከእንጀራ ጋር ፈርፍሩለት። ሽንኩርትና በርበሬ ያልገባበት የተቀቀለ ምስር ወይም የአተር ክክም ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው። በግ ባረድን ቁጥር የማይበላውን ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። ጭንቅላቱን፣ ውኃ የቋጠረውን ጉበት፣ ሳንባውን። በጋችሁ ባለችበት እየዞረች፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ጥላ፣ መንጋውን መከተል አቅቷት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዙሪት የምንለው ነው። መነሻው ከውሻ ሆድ ውስጥ ያለ የኮሶ ትል ነው። ውሻው እንቁላሉን ከዐይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይጥላል፣ በጓ ትግጠዋለች፣ ትሉ አንጎሏ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከዚያ በጓ ትታረዳለች፣ ጭንቅላቷ ለውሻ ይወረወራል፣ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ጉበትና ሳንባ ላይ ከረጢት የሚሠራው ሌላኛው ትል ደግሞ ሰውንም ይይዛል።

ስለዚህ ጥሬ የሆድ ዕቃም ሆነ ጥሬ ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥ። ከረጢት ያያችሁበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ደህናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ አፍሉትና ስጡት።

ሐኪሙ ዘንድ

በጣም ካልታመመ ሦስት አራት ቀን ዕረፍት ስጡትና ውሰዱት። ሁለት ነገር አስደርጉ። አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው፤ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ዛሬ ተከትቦ ዛሬ አይጠብቅም፣ አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሁለተኛው የትል መድኃኒት ነው። ለኮሶ ትሉ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ነው፤ መጠኑ በክብደቱ ስለሆነ ሐኪሙ ይመዝነው። በግ ያለው ቤት በየሦስት ወሩ ቢደግመው መልካም ነው።

ሰው ከነከሰ፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «የራሳችን ውሻ ነው» ብሎ መቀመጥ የለም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም፤ ሳይጀምር በክትባት ይከለከላል። ውሻውን ደግሞ አትግደሉት፤ ለብቻው ዘግታችሁ 10 ቀን ተመልከቱት፣ የጤናና የእንስሳት ባለሙያዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

የመንዝ ሰዎች አንድ ተጨማሪ አደራ አለባችሁ። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ጥብቅ ሥፍራ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረው እንስሳ ነው፤ ከሚጨርሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻችሁን አስከትቡ፣ ወደ ጓሳም ይዛችሁ አትውጡ።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ

ሰንሰለት እዚህ አገር ወግ ነው፤ ቀን ታስሮ ሌሊት ይፈታል። ቀኑን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ የሚውል ውሻ ግን አይለምድም። ያለበት ቦታ ሁሉ ማምለጫ የሌለው ስለሚሆንበት ቁጡ ይሆናል። በእሱ ፈንታ ስምንት አሥር ሜትር የሚሆን ቀላል ገመድ እሰሩለትና እናንተ ግቢ ውስጥ ባላችሁበት ሰዓት እየጎተተ ይዘዋወር። ካስፈለገ ገመዱን ትረግጣላችሁ እንጂ አታባርሩትም።

«ና»ን አሁን ጀምሩ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከቅርብ፣ «ጃክ፣ ና!» በሉት፤ ሲመጣ ቁራሽ ስጡት፣ ከዚያ ልቀቁት። ለመቅጣት፣ ለማሰር፣ መድኃኒት ለመስጠት «ና» ብላችሁ አትጥሩት። ለዚያ እናንተ ሂዱ። ይህ ቃል በመልካም ነገር ብቻ ከተሞላ አጥር ዘሎ በወጣበት ቀን ይመልስላችኋል።

ልጆቹን አስቀምጣችሁ ንገሯቸው። ሲበላ አይጠጉትም። ሲተኛ አይነኩትም። አያቅፉትም፤ እኛ ስናቅፍ ፍቅር ነው፣ እሱ ግን የታሠረ ይመስለዋል። ማደሪያው ውስጥ ከገባ ደግሞ ማንም እጁን አይሰድም። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅና አዲስ ውሻን ብቻቸውን ትታችሁ ጓዳ አትግቡ፣ ለደቂቃም ቢሆን።

ቡና ሲፈላና ሰው ሲሰበሰብ ውሻው በሩ ተዘግቶ አጥንቱን እየቆረጠመ ይቆይ። ከሰው መሀል አስገብታችሁ «ይልመድ» አትበሉ።

በግ፣ ዶሮ፣ የቆየ ውሻ

በጎቹን መጀመሪያ በአጥር አሻግሮ ይያቸው። በአጭር ገመድ ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ቢያፈጥ አትጎትቱት፤ ጠብቁ። ዓይኑን ከበጎቹ አንሥቶ ወደ እናንተ በመለሰ ቅጽበት «ጎበዝ» በሉትና ስጡት። በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ቅረቡ። ጃክ አራቱ በጎቻችን መሀል በገመድ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ ያለ ገመድ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ግልገል ሲሮጥ ደግሞ የጨዋውንም ውሻ ልብ ስለሚያሯሩጠው በግልገል ወቅት ወደኋላ ተመለሱና ገመዱን አሥሩ። ዶሮም በዚሁ መንገድ ነው። ዶሮ የገደለ ውሻ አንገት ላይ ሬሳውን ማሠር የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ውሻውን ከማሳበድ ሌላ የሚያስተምረው ነገር የለም።

የቆየ ውሻ ካላችሁ ግቢ ውስጥ አታገናኟቸው፣ ግቢው የአንደኛው ነው። ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሰው ሁለቱን ይዞ፣ ራቅ ራቅ ብላችሁ በአንድ አቅጣጫ ሂዱ፤ እየቆያችሁ ተቀራረቡ። ሳህናቸው ለየብቻ ይሁን።

ሲበላሽ

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብዙ ሰው ይደውልልኛል። «ጨዋ ነበር፣ አሁን ተበላሸ» ይላሉ። አልተበላሸም፤ ፍርሃቱ ሲለቀው እውነተኛ ጠባዩ እየወጣ ነው። ጃክም በዚያው ሰሞን ሳህኑ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። የእህቴ ልጅ ኳሱን ሊያነሣ በአጠገቡ ሲያልፍ ጥርሱን አሳየው። አባዬ ዱላ አነሣ፤ ለምነን አስቀመጠው።

ያደረግነው ይህን ነው። ሳህኑን መንካት አቆምን። ሲበላ ራቅ ብዬ እያለፍኩ የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ ወደ ሳህኑ እጥልና ሳልቆም እሄዳለሁ። በየቀኑ ትንሽ ቀርቤ። በአሥር ቀን ውስጥ እግሬን ሲያይ ቀና ብሎ ጭራውን መወዝወዝ ጀመረ፤ ሰው ሲመጣ ይጨመርለታል እንጂ አይወሰድበትማ።

ድምፅም ሌላው ነው። ቡሄ ሲደርስ የጅራፍ ጩኸት አለ፣ በጥምቀትና በሰርግ አንዳንድ ቦታ ተኩስ አለ። እነዚህን ቀናት አስቀድማችሁ ቁጠሩና ውሻውን ጠዋት አንሸራሽራችሁ፣ አብልታችሁ፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ዝጉት። ጨርሶ ከተደበቀ አትጎትቱት፣ ወጥቶ ወደ እናንተ ከመጣ ግን አታባርሩት።

ሌሊት መፍታት

በሰባተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከመጋዘኑ ሁለት ጊዜ «ዋው፣ ዋው» አለና ዝም አለ። መጀመሪያ የእኛ ውሻ መሆኑ አልገባኝም፤ ድምፁን አላውቀውማ። ጋቢዬን ደርቤ በባትሪ ወጣሁ። በአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ሲሮጥ ተሰማኝ። ጃክ በሩ ሥር ጆሮውን አቁሞ ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ሲሆን «ዝም በል!» እንዳትሉት። ውጡ፣ የጮኸበትን አቅጣጫ አብራችሁት እዩ፣ «ጎበዝ፣ በቃ» በሉትና ወደ እናንተ ጥሩት፤ ሲመጣ ስጡት። ሁለት ሦስት ሌሊት እንዲህ ካደረጋችሁ «በቃ» የምትለው ቃል ትገባዋለች፣ ጎረቤትም ይተኛል።

ጠዋት ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብለው «ማታ የጮኸው የማን ነው?» አሉ። እማዬ ከማድ ቤት ሆና «የእኛ ነው» አለች።

መፍታት የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማታ ከምግቡ በኋላ እኛ እስክንተኛ ለአንድ ሰዓት፣ ከሳምንት በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ከዚያ እስኪነጋ። የማደሪያውን በር ሁልጊዜ ክፍት እንተውለታለን፣ ጅብ ከመጣ የሚገባበት እንዲኖረው። በውርጭ ወቅት ጭዱን በየሳምንቱ እንጨምራለን፤ ጠዋት ስወጣ ከጭዱ ውስጥ አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ እንፋሎት እየተነፈሰ።